ዝንቡና ሙጫ

ሦስተኛዋ ቡጢ ግንባሯ ላይ ስታርፍ ሙጫ ዓይኗን ለመጨፈን እንኳ ፋታ አላገኘችም። ከየት መጣች ሳይባል መጣች፣ ወዴት ገባች ሳይባል ጠፋች። ወንድሟ ቡጢውን ሰንዝሮ፣ እጁን ወደ አገጩ መልሶ፣ ወደ ኋላ ተንሸራቶ፣ ከሪንጉ ማዶ በእግሩ ጣቶች ላይ ነጠር ነጠር እያለ ይጠብቃታል።

«ደህና ነሽ?» አላት።

«ምን ሆንኩና!» አለችው፤ የጥርስ መከላከያው አፏን ሞልቶት ኮልተፍ እያለች።

በገመዱ ዙሪያ የተኮለኮሉት ቦክሰኞች በሳቅ ፈረሱ። «ዝንብ ሙጫ ላይ ካረፈ አበቃለት ስትሉ አልነበረም?» አለ አንደኛው። «መጀመሪያ ይረፋ!» ብሎ ሌላው መለሰለትና እንደገና ሳቅ ሆነ።

ዝንቡ ወንድሟ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት አሠልጣኙ ናቸው፤ አንድ ግዙፍ ተጋጣሚ ዙሩን ሙሉ አየር ሲደበድብ አይተው «ይሄን ልጅ መምታት ዝንብ እንደ ማባረር ነው» አሉ፣ በቃ፣ ስሙ ተለጠፈበት። እሷ ታላቅ እህቱ ናት። መተዳደሪያዋ ያረጀ ሶፋ ማልበስ ሲሆን፣ ከሥራ በኋላ ደግሞ ዊንግ ቹን የሚባለውን፣ ከቅርብ፣ ክንድ ለክንድ ተነካክተው የሚታገሉበትን ጥበብ ለሰፈር ሴቶች ታስተምራለች። በዚህ ጥበብ ከሩቅ መወራወር የለም። ተጠግተው የሰውየውን ክንድ በክንድ ይነኩታል፤ ሲገፋ ይለሰልሱለታል፣ ሲሸሽ ይከተሉታል፤ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ የሚናገረው ዓይን ሳይሆን ቆዳ ነው። «አንዴ ከነካሁት አልለቀውም» ማለት ትወዳለች። ሙጫ የተባለችው ለዚህ ነው፤ ከጥፍሯ ሥር የማይጠፋው የሶፋ ሙጫም ስሙን ሳያጸድቅላት አልቀረም።

ታዲያ ዝንቡን መንካት ከየት ይምጣ! እሷ ጋ የሚማሩት ሴቶች ጨዋ ናቸው፤ እጃቸውን ዘርግተው እስክትይዛቸው ይጠብቋታል። ይሄ ሰውዬ እጁን ቢዘረጋ ለመምታት ነው፤ ከመታ በኋላ ደግሞ እጁ እዚያ የለም። ክንዷን ስታነሳ ቀድሟት ሄዷል፤ ስትጠጋ ርቋል፤ ስትቆም መጥቶ ይመታታል። የሚመታት ሆን ብሎ ለስለስ አድርጎ እንደሆነ ታውቃለች፤ ይሄ ደግሞ ከምቱ ይበልጥ አናደዳት።

ለሰዉ የመሰለው ያው የእህትና የወንድም ፉክክር ነው። አሠልጣኙም ቢሆኑ ሪንጉን የፈቀዱላቸው «እስቲ ልጆቹ ይዝናኑ» ብለው ነው። ውርርዱን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በሳምንቱ መጀመሪያ ወንድሟ ወደ ሥራ ቦታዋ ብቅ አለ። እሷ የአንድ ጠበቃ ቢሮ ሶፋ ገልብጣ፣ አሮጌውን ጨርቅ ነቅላ፣ ምስማሩን በጉጠት እየለቀመች ነበር። መቀሱን በግራው በኩል ዘረጋችለትና «ያዝልኝ» አለችው። አልያዘም። ሶፋውን እያየ ወሬውን ይቀጥላል። ትከሻውን በመቀሱ እጀታ ነካ ብታደርገው ዘሎ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

«ምን ነካህ?» አለችው።

«ሐሳብ ይዞኝ ነው።»

«ሐሳብ መቀስ ይጋርዳል እንዴ?»

አንገቱን አከከ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲዋሽ አንገቱን ነው የሚያክከው፤ ስለዚህ ጉጠቱን አስቀምጣ በሩን ገርበብ አደረገችና ፊቱ ቆመች። እያመነታ ተናገረ። በግራ ዓይኑ ጠርዝ በኩል እንደ መጋረጃ ያለ ነገር አለ። መጀመሪያ ጥቃቅን ጥቋቁር ነገሮች ይንሳፈፉበት ነበር፣ ከዚያ ብልጭ ብልጭ ይልበት ጀመር፣ አሁን ደግሞ መጋረጃው።

«ድካም ነው እኮ፣ እታለም። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ደህና ነኝ።»

«አፍህን ዝጋ! በምን እንደሚማል እንኳ አታውቅም?»

«የጤና ምርመራ አድርገውልናል። የፊደሉን ሠንጠረዥ እስከ ታችኛው መሥመር ድረስ ነው ያነበብኩት፤ በቀኙም፣ በግራውም። ሌላ ምን ቀረ?»

«መጋረጃው ቀረ። ነገ የዓይን ሐኪም ጋ እንሄዳለን።»

«ከግጥሚያው በኋላ።»

«ከግጥሚያው በፊት።»

ግጥሚያው ቅዳሜ ነው። ካሸነፈ ክለቡ ቋሚ ደመወዝተኛ ያደርገዋል። ከዓመት ዓመት «ዘንድሮ ይሳካል» ሲል የኖረው ነገር ይኸው እጁ ገባ፤ ዕድሜውም ገፍቷል፤ ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ዕድል አይመጣለትም። ይሄን እሷም ታውቃለች። ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስባ ልታጨበጭብለት የተዘጋጀችው እሷው ነበረች። ግን መጋረጃውን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም፤ ምን እንደሆነ ባታውቅም፣ በሰው ዓይን ላይ መጋረጃ የሚመጣው ለደግ እንዳልሆነ ሆዷ ነግሯታል። በነጋ በጠባ ጨቀጨቀችው። በመጨረሻ «ለአሠልጣኝህ እነግራቸዋለሁ» ስትለው ፊቱ ተለወጠ።

«ከነገርሽ እህት የለኝም» አላት። «ደግሞ አንድ ግጥሚያ ቢከለክሉኝ ሌላ ከተማ ሄጄ እገጥማለሁ።»

ሲቆጣ ብዙ የሚናገር ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። ያደርገዋል። ከአንድ የልጅነት ጓደኛው ጋር ተኳርፎ፣ ሰውየውን መንገድ ላይ ሲያገኘው ዛሬም መብራት ምሰሶ ያየ ያህል አልፎት ነው የሚሄደው።

ከዚያ ሊያስቃት ፈልጎ ይሆን ሊገላገላት፣ ውርርዱን ያመጣው ራሱ ነው። «ያንቺ ዳንስ የሚሠራው ቆሞ በሚጠብቅሽ ሰው ላይ ነው። አዳራሽ ነይ። ሦስት ዙር። ጀርባዬን ጥግ አስይዘሽ እስከ አሥር ከቆጠርሽ፣ ከሪንጉ ወርጄ በቀጥታ ሐኪም ቤት። ካልቻልሽ እስከ ቅዳሜ ትንፍሽ አትይም።»

«እሺ» አለች፣ አፉን ሳይገጥም።

አንድ ነገር ግን ለራሷ ምላለች፤ እሱ ይምታት፣ እሷ ፊቱን አትነካም። ልታድን የመጣችውን ዓይን በገዛ እጇ ልታጠፋው ነው እንዴ? ስለዚህ አሁን ሪንጉ መሃል ያለችው፣ መምታት የማትችል ሙጫ፣ ለመንካት የማትችለውን ዝንብ እያሳደደች ነው።

ደወሉ ተደወለ። አንደኛው ዙር አለቀ። አንዲትም ጊዜ አልነካችውም።

አሠልጣኙ ገመዱን ከፍተው ውሃ አቀበሏት። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ግን የገበያ ለፋፊ የሚያስንቅ ሰው ናቸው።

«እህቴ፣ ይቺን ነገር ብንተዋት ምን ይመስልሻል?» አሏት። «ልጁ ቅዳሜ ግጥሚያ አለበት፤ አንቺም ሶፋ አለብሽ።»

«ሶፋው አይሸሽም፣ ጋሼ።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» ብለው ሳቁ።

ውሃውን ተጉመጥምጣ ተፋች። አንድ ነገር ከንክኗታል። «ጋሼ፣ ዝንቡ ድሮ በሁለቱም በኩል አልነበር የሚዞረው? ዛሬ ወደ ግራው ብቻ ነው የሚዞረው። ተጋጣሚው በግራው በኩል እንዳይመጣበት የሚጠነቀቅ ይመስላል።»

«አየሽው? ጎበዝ! አዲስ ስልት ነው። በዚህ ሰሞን ራሱ ያመጣት ናት፣ እኔም ወድጄለታለሁ።»

ስልት አሉት! ሰውየው የማያይበትን ጎኑን እየደበቀ ነው፤ ደግሞ ያጨበጭቡለታል። እሱ ራሱም እየደበቀ መሆኑን ያወቀው አልመሰላትም፤ እግሩ ነው ያወቀው።

ሁለተኛው ዙር ተጀመረ። ሙጫ ፊት ለፊት መሄዷን ተወች። የግራ ቡጢው ሲመጣ ከውጭ በኩል፣ ወደ ግራ ትከሻው ለመግባት ሞከረች። እሱም ተሽከረከረ፣ እንደገና ፊት ለፊት አደረጋት። ሞከረች፤ ተሽከረከረ። ሁለት ጊዜ አፍንጫዋን አገኛት፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከገመዱ ውጭ «ሙጫው ደረቀ!» የሚል ተሰማ፤ ማን እንዳለው ለማየት ጊዜ አልነበራትም።

ያኔ ገባት። እስካሁን ቡጢ ሳትቀምስ ለመግባት ነው የምትፈልገው። እንዲህ ያለ ነገር የለም። ከዚህ ሰው ጋር አጠገቡ መቆም ዋጋ አለው፣ ዋጋው አንዲት ቡጢ ናት፤ ከፍላ መግባት ነው ያለባት። አገጯን ደብቃ ግንባሯን ሰጠችው። ቡጢው መጣ፣ ጆሮዋ ውስጥ ጩኸት ሆነ፤ እሷ ግን ቡጢውን አልተከላከለችም፣ ወደ አገጩ የሚመለሰውን ክንዱን ተከትላ ገባች። ክንዷ ክንዱ ላይ አረፈ። ነካችው!

ከዚህ በኋላማ ሌላ ሰው ሆነች። ሊገፋት ሲል ክንዱ ከመጠንከሩ በፊት ታውቃለች፤ ሊሸሽ ሲል ትከሻው ቀድሞ ይነግራታል። ተጣብቃበት በግራው ጎኑ ዞረች፤ አሁን ፊቷ ከጆሮው አንድ ክንድ አይርቅም። ጣቶቿ ከጫፋቸው ክፍት በሆነው ስስ ጓንት ውስጥ ናቸው። አንዷን እጇን አላቃ ከግራ ዓይኑ ጎን፣ ጉንጩ አጠገብ አነሳችና ጣቶቿን በተነቻቸው፣ ሰበሰበቻቸው፣ በተነቻቸው።

ዓይኑ አልተርገበገበም።

ዓይን እኮ ትቢያ ሲመጣበት ሳይታዘዝ የሚጨፈን ነገር ነው። የዚህ ሰው ዓይን፣ ቡጢ ከመነሳቱ በፊት ያያል የሚባልለት ዓይን፣ ጣቶቿ አጠገቡ ሲጨፍሩ ምንም አላለም። ሙጫን ድንጋጤ እግሯን ያዛት። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ በልቧ አንድ ጥግ «ምናልባት እውነቱን ይሆናል፣ ምናልባት ድካም ነው» የምትል ተስፋ ነበረች፤ እሷም ጠፋች። ወንድሟ መደንገጧን አላወቀም፤ ክንዷ ሲላላ ብቻ ተሰማው፣ ሾልኮ ወጣና ጎኗን አቀመሳት። በጉልበቷ ተንበረከከች።

ደወል።

«በቃ!» አሉ አሠልጣኙ። «በቃ፣ ልጄ። ደህና ታገልሽ፣ ማንም ምንም የሚልሽ የለም።»

«አንድ ዙር ይቀራል።»

«ለምን ብለሽ?»

ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። አንድ ቃል ነው የሚበቃው፤ «አያይም» ብትል ያልቃል። ወንድሟ ከማዶው ጥግ አፍጥጦ ያያታል፣ ምን ልትል እንደሆነ አውቋል። ከተናገረች ቅዳሜን ትከለክለዋለች፤ ግን ሌላ ከተማ፣ ሌላ አዳራሽ፣ የማያውቁት ሰዎች ፊት ሄዶ ይቆማል፤ እሷም አጠገቡ አትኖርም። ውርርድ ከሆነ ግን ቃሉን አያጥፍም። ዝንቡ ብዙ ነገር ይባላል፣ ቃሉን የሚበላ ሰው ነው ብሎት የሚያውቅ የለም። አፏን መልሳ ዘጋችው።

ሌላም ሐሳብ መጣባት። በማያይበት በኩል መግባት፣ ይሄ ማታለል አይደለም? የገዛ ወንድሟን! ከዚያ ደግሞ ተናደደች። ቅዳሜ ፊቱ የሚቆመው ሰው ይራራለታል እንዴ? ያ ሰው እንደ እሷ ጣት አይበትንም፣ ቡጢ ነው የሚልክበት፤ ወንድሟም ሳያየው ነው የሚቀበለው።

«ጋሼ፣ ደወሉን ይደውሉልኝ» አለች።

ሦስተኛው ዙር ላይ ወንድሟም መቀለዱን ትቷል። ቡጢዎቹ ደርቀዋል። የመጀመሪያዋ ስትመጣ ግንባሯን ሰጠች፣ ክንዱን ግን አላገኘችውም። ሁለተኛዋም እንደዚያው። «እማዬ ብታየን ሁለታችንንም በጫማ ነበር የምትለን» ብላ አሰበችና በዚያ ሁሉ መሃል ሳቋ መጣ። ሦስተኛዋ ስትመጣ ግንባሯን ይዛ ራሷ ወደ ቡጢው ሄደችለት።

ተጣበቀች። የግራ ክርኑን ከሥሩ ይዛ ወደ ደረቱ አሻገረችና በቀኝ ክንዱ ላይ አጋደመችው፤ አሁን ሁለቱም እጆቹ አንድ ላይ ታስረዋል። ትከሻዋን ብብቱ ሥር አስገብታ ገፋች። እሱም መልሶ ገፋት። ለሰለሰችለት፤ ሚዛኑን ሲስት አንድ እርምጃ ሰረቀች። በቀኙ ሊወጣ ሲል ወገቡ ነገራት፣ ቀድማ ዘጋችው። በግራው ደግሞ አልሞከረም፤ በግራው ምን እንዳለ አያውቅማ። እንዲህ እያለች፣ ከባድ ሶፋ ብቻዋን በጠባብ በር እንደምታስገባ፣ አንዴ በጎን አንዴ በፊት እያደረገች ወሰደችው፤ ጀርባው የጥጉን ምሰሶ ነካ።

«አንድ» አለች በጆሮው። «ሁለት። ሦስት።»

ቦክሰኞቹ ይጮኻሉ። «ተጣበቀ! ዝንቡ ተጣበቀ!» አሠልጣኙ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ገመዱን ይደበድባሉ።

«ስድስት። ሰባት።» ነፃ የሆነውን እጇን ከግራ ዓይኑ ጎን አነሳች። «ስንት ጣት ነው?»

«ልቀቂኝ።»

«ስንት ነው?»

ደረቱ ደረቷ ላይ ይነሳል፣ ይወርዳል።

«ሦስት» አለ።

«ጨብጫለሁ፣ ወንድሜ። ጣት የለም።»

ያኔ ጉልበቱ ከክንዶቹ ሲወጣ ተሰማት። በክንዷ ስንቱን ሰው ይዛለች፣ የደከመ ታውቃለች፣ ያታለለ ታውቃለች፤ ይሄ ግን ሌላ ነበር። ለረጅም ጊዜ ብቻውን ተሸክሞት የቆየውን ነገር ነው የለቀቀው። ራሱን ትከሻዋ ላይ ጣለ።

«እታለም፣ ፈርቼ እኮ ነው» አላት፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው መጋረጃው ምን ያህል እንደገባ ነው።»

«እኔም ፈርቻለሁ» አለችው። «ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር። ጫማህን ቀይር።»

«ምንድን ነው የተንሾካሾካችሁት?» ብለው አሠልጣኙ ጮኹ።

«ምሳ ልጋብዝሽ እያለኝ ነው፣ ጋሼ!»

የዓይን ክሊኒኩ ሰው ሞልቶት ነበር። ተራ እስኪደርሳቸው አጠገብ ለአጠገብ ተቀመጡ፤ የእሷ ግንባር አብጧል፣ አፍንጫዋ ቀልቷል። አንዲት ነርስ መጥታ አየቻትና «ታማሚዋ አንቺ ነሽ አይደል?» አለች። «እሱ ነው» ስትላት ነርሷ ሁለቱን እያፈራረቀች አየቻቸው፤ ምን ዓይነት ቤተሰብ ነው ያለች ትመስላለች። ወንድሟ ከሪንጉ ከወረደ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ጠብታ ጨመሩበት፣ አስጠበቁት፣ እንደገና ጨመሩበት። ሐኪሟ ጎልማሳ፣ እርጋታ ያላት ሴት ናት። መብራቱን ዓይኑ ውስጥ አብርታ «ወደ ላይ እይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጆሮህ» እያለች ብዙ ቆየች። ሙጫ በሩ ሥር ቆማ የሐኪሟን ፊት ነው የምታየው። ሐኪም ዝም ሲል ምን ማለት ነው? ጥሩ ነው? መጥፎ ነው?

በመጨረሻ ሐኪሟ መብራቱን አጠፋች።

«ዓይን ከውስጥ በኩል በስስ ሽፋን የተለበጠ ነው» አለች። «የምናየው በእሱ ነው። ያንተ ከጠርዙ ተቀዶ መላቀቅ ጀምሯል። መጋረጃ መስሎ የሚታይህ እሱ ነው።»

«ልባሱ ከጠርዝ ለቀቀ በይኛ» አለች ሙጫ።

«እንደዚያ በይው።»

«ፊደሎቹን ግን በሙሉ አንብቤያለሁ፣ ዶክተር» አለ ወንድሟ።

«ፊደል የሚነበበው በመሃሉ ነው። መሃሉ ገና አልተነካም። ዕድለኛ ነህ የምልህም ለዚህ ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ትገባለህ፣ መልሰን እናጣብቀዋለን። በዚህ ደረጃ የመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ ይተርፋል።» ቆም ብላ አየችው። «ሥራህ ምንድን ነው?»

«ቦክስ።»

«ቅዳሜ ግጥሚያ አለው» አለች ሙጫ።

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። «ቅዳሜን ገጥመህ ቢሆን እሑድ እዚህ ትመጣ ነበር፤ እኔም ምንም የማደርግልህ አልነበረኝም።»

ይሄኔ ሙጫ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ወንበር አልነበረም፤ መሬቱ ላይ ነው የተቀመጠችው። እያለቀሰች ትስቃለች፣ እየሳቀች ታለቅሳለች፣ «ተመስገን፣ ተመስገን» ትላለች፣ ያበጠውን ግንባሯን ስትነካው ደግሞ «ወይኔ!» ትላለች። ስታቃስት ከከረመችበት ከዚያ ሁሉ ሐሳብ በኋላ ትንፋሿ እስከ ታች ወረደላት። ሐኪሟ ሶፍት ከነካርቶኑ አቀበለቻት።

«ከዚያስ በኋላ?» አለ ወንድሟ። «ሪንግ...»

«እሱን እርሳው። ማሠልጠን ትችላለህ፣ መሮጥ ትችላለህ፣ ከቆየ በኋላ። ቡጢ መቀበል ግን አብቅቷል።»

ራሱን ነቀነቀ። አልተከራከረም።

ስሙን እስኪጠሩ ድረስ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ። ሙጫ ልታጽናናው ፈለገች፤ ምን እንደምትል ግን አታውቅም። ዓይኑ ተርፎለታል፣ ለዚህ ደስታዋ ወደር የለውም። ግን አብሮ የሄደውንም ታውቃለች።

«አዝነሃል?» አለችው።

«አዝኛለሁ» አለ። ቆየና «ግን ደግሞ፣ ዛሬ ማታ ተኝቼ ነገ ስነሳ መጋረጃውን መለካት የለብኝም። ይሄ ምን ያህል እንደ ቀለለኝ አትጠይቂኝ» አላት።

«አንድ ነገር ልንገርህ። ያሸነፍኩህ በማታይበት በኩል ገብቼ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«በደህናው ቀን ቢሆን አልነካህም ነበር። እውነቴን ነው። ለተማሪዎቼም እንዲህ ነው የምነግራቸው።»

ስልኩን ከኪሱ አወጣ፣ ጠብታው የዓይኑን ብሌን አስፍቶበት ስለነበር ቁጥሩን ማንበብ አቃተው፣ ለእሷ አቀበላት። የአሠልጣኙን ስም አወጣችለት።

«እኔ ልንገራቸው?» አለችው። «አንተ አሁን...»

«አይሆንም። ስጪኝ።»

ጆሮው ላይ አደረገው። የአሠልጣኙ ድምፅ እንኳን ለእሷ ኮሪደሩ ጫፍ ላለው ጥበቃም ይሰማል። «ዝንቤ! የት ገባህ? ፎጣህን ጥለህ ነው የሄድከው!»

«ጋሼ፣ ቅዳሜ አልገጥምም» አለ። «የግራ ዓይኔ በጎን በኩል አያይም። ከቆየ ቆይቷል፣ ደብቄዎት ነው። ሐኪም ቤት ነኝ፣ ዛሬ ይሠሩልኛል። ይድናል ብለዋል። ሪንግ ግን አብቅቷል።»

ሙጫ የወንድሟን እጅ ያዘች።

«ያ መዞር...» አሉ አሠልጣኙ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «እኔ ደግሞ ጎበዝ እልሃለሁ። ምን ዓይነት ሽማግሌ ነኝ? አይዞህ፣ ልጄ። ዓይንህን አድን። አዳራሹ ያንተ ነው፣ ቡጢ ባትጥልም የምትውልበት አታጣም።» ከዚያ የድሮው ድምፃቸው መለስ አለ። «አሃ! ለካ ጠዋት ጥግ ያስያዘችህ ለዚህ ነው! እኔም እኮ ግርም ብሎኛል፣ ሶፋ ሠሪ ዝንቤን እንዴት ትይዘዋለች እያልኩ። ባለማየትህ ነዋ!»

ወንድሟ ወደ እሷ ዞረ። ጠብታው ያጨለመው ትልቅ ዓይኑ ያበጠ ግንባሯን፣ የቀላ አፍንጫዋን፣ እጁን ጠፍንጎ የያዘውን እጇን አየ። እሷ ራሷን ነቀነቀችለት፤ «እውነቱን ንገራቸው፣ ግድ የለኝም» ማለቷ ነው።

«አይደለም፣ ጋሼ» አለ ዝንቡ። «ዓይኔ ቢያይም አላመልጣትም ነበር።»